የተለወጠ ቫን ለሚገዛ ነጋዴ



ነጋዴ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ቆዳና ሌጦ፣ ስለ ባንክ ወለድም ሲነጋገር ይውላል። ዕቃውን ከገበያ ወደ ገበያ ስለሚያደርሰው መኪና ግን የሚያስበው ብዙ ጊዜ መኪናው በመንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እኔ በሙጃ ከተማ በአንድ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ ውል ማርቀቅ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ነው፤ የመካኒክነት ሙያ የለኝም። ስለ መኪና ለመጻፍ የደፈርሁበትም ምክንያት፣ ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳት ከሞተር ብልሽት ይልቅ ከእኔ ከራሴ ወረቀት የተነሣ ስለ ሆነ ነው።

አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። የተለወጠ ቫን ለደጋ ነጋዴ ጠቃሚ ንብረት ነው። ነገር ግን የተለወጠው ነገር ሁሉ በሊብሬው ካልሰፈረ፣ የሚያስወጣውም ወጪ በመዝገብ ካልተያዘ፣ ሱቁን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የተለወጠ ቫን ስል፣ ፋብሪካው ለዕቃ ብሎ ዝግ አድርጎ የሠራውን፣ ኋላ ግን ጎኑ ተቆርጦ መስኮት የወጣለትን፣ ወለሉ ላይ ወንበር የተተከለበትን፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ የተሠራለትን ተሽከርካሪ ማለቴ ነው። በአገራችን በዚህ ረገድ ይበልጥ የታወቀው ቶዮታ ሃይኤስ ሲሆን፣ ገበያው የቀድሞውን ቅርጽ ዶልፊን፣ የኋለኛውን አባዱላ እያለ ይጠራዋል።

ይህ ዓይነቱ መኪና በእኛ አገር የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሙጃ የግዳን ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በምሥራቅ ቁልቁል የቆቦ ሜዳ፣ በምዕራብ ኩልመስክና ላሊበላ ይገኛሉ። ከደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ቆዳ ይወርዳል፤ ከቆላው ማሽላ፣ ጤፍና ሽንኩርት፣ ከወልድያም ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ምስማር ይወጣል። አንድ ባለሱቅ ዓይሱዙ የጭነት መኪና የሚሞላ ዕቃ በየሳምንቱ አይኖረውም። ጥቂት ኩንታል ዕቃና ጥቂት የሱቁን ሠራተኞች አንድ ላይ የሚወስድ ቫን ግን ለአቅሙ የተመጠነ ነው።

በመለወጡ ብቻ መኪናውን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር አልስማማም። አካል መለወጥ በዓለም የታወቀ የተከበረ ሙያ ነው። በጀርመን አገር ቬስትፋሊያ የተባለው ድርጅት የፎልክስዋገንን ቫን ለጉዞና ለመኝታ እንዲያመች አድርጎ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። በአገራችንም በዓይሱዙ ሻንሲ ላይ አካላቸው እዚሁ የሚሠራውን አውቶቡሶች ሕዝቡ ቅጥቅጥ ብሎ ሰይሟቸው ስንት ገበሬና ስንት ነጋዴ ተመላልሶባቸዋል። ልዩነቱ ያለው ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ በሚለው ላይ ነው።

ጥንቃቄውም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛ ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ነጋዴ ፊቱን ወደ አሮጌው ይመልሳል፤ አሮጌውም ቫን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ሲዘዋወር ታሪኩ እየጠፋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ አንድ የተለወጠ ቫን ለመግዛት ተስማሙ። የሽያጩን ውል ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ላይ በጥንቃቄ ገለበጥሁ። ሊብሬው መኪናው የዕቃ ማመላለሻ ነው ይላል፤ በፊቴ የቆመው መኪና ግን ሦስት ረድፍ ወንበር ነበረው። ይህንን አየሁ፤ አይቼም ደላላውን ጠየቅሁ። እርሱም «የሁሉም እንዲህ ነው፤ ማንም ቆጥሮት አያውቅም» አለኝ። አሠሪዬ ገንዘቡን ከመቁጠራቸው በፊት ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ወረቀቱ ደኅና ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ደኅና ነው፣ ጋሼ» ብዬ መለስሁ።

ወሩ ሳይሞላ መኪናው የባቄላ ጆንያ ከኋላ፣ የሱቁን ሠራተኞች ከፊት ጭኖ ወደ ቆቦ ሲወርድ ከብት መንገዱን አቋረጠ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ጆንያው የኋላውን ወንበር ገፋው፤ ወንበሩም ከወለሉ ተነቅሎ ወደ ፊት ተወረወረ። የረዳቱ ልጅ እግር ከወንበሩ በታች ተሰበረ። በኋላ መካኒክ ሲመረምረው፣ ወንበሩ በስሱ የወለል ላሜራ ላይ በአራት የብየዳ ነጥብ ብቻ ተይዞ ኖሯል፤ ብየዳውንም ከምንጣፉ ሥር ዝገት በልቶታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

የመድን ድርጅቱ ውሉ የተገባው ለዕቃ ማመላለሻ ስለ ሆነ ለመኪናው ጉዳት ካሣ አልከፍልም አለ። ተከራከርን፤ ነገር ግን የፈረምንበት ወረቀት የሚናገረው እርሱ እንዳለው ነበር። የልጁን የሕክምና ወጪ አሠሪዬ ከኪሳቸው ከፈሉ። ልጁ ዛሬም ከእኛ ጋር ይሠራል፤ ጆንያ ሲያነሣ ግን አንድ እግሩን ያስቀድማል። አሠሪዬ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ወቀሳው ያለው በየቀኑ ልጁን በማየቴ ነው።

ከዚህ የተማርሁትን ለገዢዎች በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሊብሬውን በእጅ ይዞ መኪናውን መዞር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በመዝገብ እንዲታወቅ ነው። በሊብሬው የተጻፈው ዓይነት፣ የወንበር ብዛትና የጭነት ልክ ከሚታየው መኪና ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ ሻጩ አስመርምሮና አስመዝግቦ እስኪያቀርብ ድረስ ገንዘብ አይቈጠር። ዓመታዊው ቦሎ መለጠፉ ብቻውን ለዚህ በቂ ምስክር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ምንጣፉን ማስነሣት ነው። ወንበር በቡሎንና በዳዶ ታስሮ፣ ከወለሉ በታች ጠንካራ ብረት ተደግፎ፣ ሸክም በሚችለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ አለበት። መስኮት የተቆረጠበት ጠርዝም ይታይ። የቫን ጎን አካሉን አጥብቆ የሚይዝ ክፍል ስለ ሆነ፣ ያለ ድጋፍ ከተቆረጠ መኪናው በኮረኮንች ላይ መንጋጋት ይጀምራል፤ በክረምትም ውኃ በጎማው ሥር ገብቶ ያዝገዋል።

ሦስተኛ፤ መሪውንና በሩን ማጤን ነው። ጃፓን በግራ የሚነዳበት አገር ነው፤ አገራችን ግን ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። ስለዚህ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቫኖች በገበያ ይገኛሉ። የመሪው ዘንግ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ መኪናውን መተው ይሻላል። ተንሸራታቹ በር በግራ በኩል ብቻ ከሆነም ተሳፋሪው የሚወርደው ወደ መንገዱ መካከል መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ያለው አያያዝ ደግሞ የደጋውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ሲሆን፣ ላሊበላ 2,500 ሜትር ግድም ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ በሜዳ የሚችለውን ጭነት በአቀበት ላይ ሲያስጨንቁት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ይግላልም። ውኃ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ እንደ ትንሽ ነገር አይታይ።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይብሳል። በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ፍሬንን ለአጭር ጊዜ ብቻ መያዝ የሾፌሩ ግዴታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ካረጀ በግለት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይረግጣል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ባሌስትራ በማስጨመር ጭነት ለመጨመር የሚያስቡም አሉ። ባሌስትራ መኪናው እንዳይጎብጥ ይረዳል፤ የፍሬኑን ዐቅም ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አያሳድገውም።

ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። ዐሥራ ሁለት ሰው በ65 ኪሎ ቢታሰብ 780 ኪሎ ይሆናል። ፖርቶመጋላው ላይ አምስት ኩንታል ቢጨመር 1,280 ኪሎ ይደርሳል፤ ወንበሮቹና የፖርቶመጋላው ብረት ራሳቸው ገና አልተቈጠሩም። ይህን በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር ማስተያየት ነው። ከዚህም ሌላ ከላይ የተጫነ ክብደት መኪናውን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ወደ ራሴ ሙያ ወደ መዝገቡ እመጣለሁ። ብዙ ነጋዴ የናፍጣ ወጪን ብቻ ቈጥሮ ቫኑ አተረፈ ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ለመኪናው የራሱ መዝገብ ይከፈትለት። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ከሆነ፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ የዘይቱ ዋጋ አንድ አምስተኛ ይቀመጥ። ጎማው 40,000 የሚያገለግል ከሆነ ከዋጋው አንድ አርባኛ ይቀመጥ። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሚለወጥ አንድ መቶኛ ይቀመጥ። ያገለገለ መኪና የኪሎ ሜትር ቈጣሪ ሊታመን ስለማይችል ግን ቺንጋው በተገዛበት ሳምንት ይለወጥ፤ እርሱ ቢበጠስ ሞተሩ ይሰበራል። እንዲህ የተቀመጠ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ቀን ይገኛል፤ ያልተቀመጠ ግን ከስኳሩና ከዘይቱ መግዣ ላይ ይወሰዳል። ሱቅ የሚጎድለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ያበዛል የሚል ወንድም እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ የግማሽ ቀን ምርመራ የመካኒክ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሊብሬ ማስተካከልም ደጅ ያስጠናል። ነገር ግን ይህን ወጪ ከአንድ የተሰበረ እግርና ካልተከፈለ ካሣ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ምክር ቤታችን ለአባሎቹ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ቢያሳትም መልካም ነው። በቅጹ ላይ በመኪናው ላይ የተለወጠው ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሠራውና መቼ፣ ወንበሩ በምን እንደ ታሰረ፣ በሊብሬው መስፈሩም አለመስፈሩም ይጻፍ፤ ሻጭ፣ ገዢና የመረመረው መካኒክ ይፈርሙበት። ቅጹ ከሽያጩ ውል ጋር ይያያዝ። የደላላ ቃል ከገበያው ጋር ይበተናል፤ ፊርማ ግን ይቀራል። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጠይቁ ገዢዎች ሲበዙ፣ በደንብ የሚሠራው ጋራዥ ዋጋውን ያገኛል፤ በአራት ነጥብ ብየዳ የሚያታልለውም ገዢ ያጣል።

አሠሪዬ ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ውል ከመፈረማቸው በፊት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ወረቀቱ ደኅና ነው?» ዛሬ መልስ ከመስጠቴ በፊት ወጥቼ ዕቃውን አያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ የሆናችሁ የየሱቁ ጸሐፊዎችም እንዲሁ እንድታደርጉ በትሕትና አሳስባለሁ።