የሳኦልን ጥሩር አውልቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ተመርቃችሁ ሥራ በመፈለግ ላይ ያላችሁ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች! ዛሬ ብዙ ቀጣሪዎች ከማመልከቻው ጋር ሥራችሁ የሚታይበትን ገጽ ይጠይቃሉ፤ የሊንክድኢን፣ የቤሃንስ ወይም የጊትሃብ አድራሻ አምጡ ይላሉ። በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ይነገራሉ፤ ሁለቱም ሊነቀፉ ይገባል።

አንደኛው «ራስን ማስተዋወቅ ውዳሴ ከንቱ ነው» የሚለው ነው። ይህ ትሕትና የሚመስል ስንፍና ነው። ብላቴናው ዳዊት በሳኦል ፊት በቆመ ጊዜ የሠራውን አልሸሸገም። የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ተናገረ፤ ያዳነውም እግዚአብሔር መሆኑን መሰከረ (1ኛ ሳሙ. 17፥34-37)። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ግን ሰነፍ ተባለ እንጂ ትሑት አልተባለም (ማቴ. 25፥24-30)።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፤ «ሁሉም ያጋንናል፤ ካላጋነንህ አትቀጠርም» ይላል። አምስት ሆነው የደከሙበትን የመመረቂያ ሥራ ለብቻው እንደሠራው አድርጎ ማቅረብ፣ ከሌላው ገጽ የተገለበጠን ንድፍ «የእኔ ነው» ማለት፣ በሁለት ሳምንት ሥልጠና ራስን ባለሙያ ብሎ መሾም፣ ማን እንደለካው ሳይታወቅ «ፎቶሾፕ 95 በመቶ» ብሎ መጻፍ፦ ይህ «ብራንድ» መገንባት ሳይሆን በሐሰት መመስከር ነው። ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት ከመሬታቸው ዋጋ ከፊሉን በማስቀረታቸው ብቻ አይደለም፤ ከፊሉን ሙሉ አስመስለው ስላቀረቡ ነው (ሐዋ. 5፥1-10)። ደግሞም በሐሰት የተያዘው ወንበር እውነቱን ለጻፈ ለሌላ ወንድም ይገባ እንደነበር አንዘንጋ። ምናልባትም ያ ወንድም በቅዳሴ ከአጠገባችን የቆመው ነው።

«እውነቱን ብጽፍ ገጼ ባዶ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር ሲያወልቅ እጁ ላይ የቀረው በትርና ወንጭፍ ነበር። ያልለመደውን ትቶ በሚያውቀው ወጣ። እናንተም ሦስት ሥራ ብቻ ካላችሁ ሦስቱን አቅርቡ። በእያንዳንዱ ሥር ችግሩ ምን እንደነበር፣ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ፣ አብረዋችሁ የደከሙት እነማን እንደሆኑ ጻፉ። የጎደለውን በቃላት ሳይሆን በሥራ ሙሉት፤ ለጎረቤት ሱቅ ምልክት ንደፉ፤ ትንሽ ፕሮግራም ጽፋችሁ ጨርሱ።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያዘጋጃችሁት መጽሔት፣ የያዛችሁት የሒሳብ መዝገብ እውነተኛ ልምድ ነውና ይካተት። የመዘምራንን ልብስ ለብሳችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ ግን የቀጣሪ ማማለያ አታድርጉት። ልብሱ የአገልግሎት እንጂ የገበያ አይደለም።

የባቢሎንን ግንብ የጀመሩት ለራሳቸው ስም ለማስጠራት ነበር (ዘፍ. 11፥4)። እኛ ግን በጥምቀት ስም ተቀብለናል። ያንን ስም በሐሰት ገጽ ላይ አንጻፈው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።