ደርሶ መናፈቅ

ባለፈው ወር በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ስንወጣ፥ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ አስቆሙን። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ያስተማሩትም እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት በመሸጥ ነው። ታዲያ አንድ ማታ ራት ቀርቦ ሳለ እጁን ወደ ማዕዱ ሳይሰድ፥ «እማዬ፥ ድረስ የተባልሁበት ሁሉ ደረስሁ፤ ከዚያስ?» አላቸው። እሳቸውም፥ «እኔ እኮ የማውቀው መድረሱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን አስተማረኝ?» ብለው ዐይን ዐይናችንን ተመለከቱ። የምንመልሰው ስላልነበረን፥ «እንጽፍበታለን» ብለን ተሰናበትን። ጸሓፊ ሲቸግረው የሚለው ይኸንኑ ነው።

ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ከሰነበትን በኋላ ትዝ ያሉን፥ በደምቢያና በወገራ፥ በሰሜን ተራሮችም ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት ቤተ እስራኤል ናቸው። እነርሱ ኦሪትን እንደኛው በግዕዝ ያነባሉ፤ ካህኖቻቸውን ቄስ ይላሉ፤ በዘመናችን ካሉት አይሁድም ተለይተው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ መነኮሳት ነበሯቸው። አስተሥርዮ ከሚሉት ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የሚባል በዓል ያከብራሉ። በጎንደር አጠገብ በአምቦበር ሲያከብሩት፥ ሕዝቡ ነጭ ለብሶና ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ አንዳንዱም ለትሕትና ምልክት ድንጋይ ይሸከም ነበር። ቄሶቹ በጥላ ተከልለው ኦሪቱን፥ መጽሐፈ ነህምያንም ጭምር ያነቡ ነበር፤ ንባቡም ሕዝቡ ወደሚሰማው ቋንቋ ይተረጐም ነበር። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዱ ነበር፤ ቀትር ካለፈ በኋላም ወርደው በደስታ ይበሉ ነበር።

ይህ ናፍቆት የቃል ብቻ አልነበረም። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ፥ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። ትግራይ ሲደርሱ ግን ራብና በሽታ ጣላቸው፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሺዎች በሱዳን በኩል ሲወጡ፥ በመንገድና በስደተኛ ሰፈር ያለቁት ብዙ ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከዚሁ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች በአይሮፕላን ተወሰዱ።

እንግዲህ የዚያ ወጣት ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ደረሱ፤ ከዚያስ?

ከዚያማ የጠበቃቸው ሁሉ ደስታ አልነበረም። የአገሪቱ የሃይማኖት አለቆች አይሁድነታችሁ ይጠራጠራልና በውኃ ተነከሩ ቢሏቸው፥ በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኢየሩሳሌም በአለቆቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ስለ እምነታቸው ሞትን አልፈው የመጡ ሰዎች፥ እምነታችሁን አስመስክሩ ሲባሉ ምን እንደ ተሰማቸው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። በእኛም በኩል እጃችን ንጹሕ አይደለም፤ በአገራቸው ሳሉ ርስት የተነፈጋቸው፥ ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው ሲያድሩም «ቡዳ» እያልን የሸሸናቸው፥ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎቹ እኛው ነን። ባበጁልን ማረሻ እያረስን እነርሱን ፈራን።

ከመካከላቸው፥ «ኢየሩሳሌም ከገባን ወዲያ ስግድ ለምን አስፈለገ?» ብለው የጠየቁም ነበሩ። ሌሎቹ ግን ቤተ መቅደሱ ገና አልታነጸም፥ የሰውም ልብ ገና አልተመለሰም ብለው በዓሉን አላስቀሩም። ዛሬ ከኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ቆመው የመቅደሱን ስፍራ በዐይናቸው እያዩ ይሰግዳሉ፤ በ2000 ዓ.ም.ም በዓሉ በአገሪቱ ሕግ ታወቀ። ግዕዙን የማይሰሙ፥ ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገሩ ወጣቶችም ከአያቶቻቸው ጋር ይወጣሉ። (የእኛስ ልጆች ግዕዙን ይሰማሉን? ይህን ለሌላ ወር እናቆየው።) በክርስቶስ መምጣት የምናምን እኛ በዋናው ነገር ከእነርሱ እንለያለን፤ ይህን ልንሸፍን አንወድም። ነገር ግን ደርሶ መናፈቅን እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ጸሎት መያዛቸው አስደንቆናል።

ከዋርሶ ተወልደው እናታቸውንና ሦስት እኅቶቻቸውን በናዚዎች ጦርነት ያጡት አይሁዳዊው መምህር አብርሃም ሄሼልም፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ስለ ሰንበት አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ጽፈዋል። አሳባቸው በአጭሩ፥ የዘመኑ ሰው ቦታና ዕቃ ሲይዝ ጊዜን አጣ፤ ሰንበት ግን በጊዜ ውስጥ የታነጸ መቅደስ ነው የሚል ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ በ1450፥ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንድትከበር ወስኗልና። ባላገር እስከ ዛሬ ቅዳሜ ሞፈሩን ይሰቅላል፤ ሰቅሎ ገበያ መውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህንኑ ይዘን በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ እኒያ እናት ቤት ሄድን። ለእሑድ የታዘዘውን እንጀራ ዓርብ ጨርሰውት ኖሮ ምጣዱ ቀዝቅዟል፤ ቄጤማ ተጐዝጕዟል፤ ቡናውም ቀርቧል። ልጁ ስልኩን ከጕልበቱ ሥር አስቀምጦ ታሪኩን ዝም ብሎ ሰማ። ቶናው ሲቀዳ፥ «ታዲያ እነርሱ ዛሬ እዚያው ቆመው ምን ብለው ይለምናሉ?» አለን። የምናውቀውን ነገርነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «እኔ ግን ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ አላውቅም» አለ።

እኛም አሁንም መልስ አልነበረንም። ሰዓቱ መሽቷልና ልንነሣ ስንል፥ እናቱ ረከቦቱን ወደ ልጃቸው አስጠግተው፥ «በረካው ሳይጠጣ ማንም አይነሣም» አሉ።