«ሐዋሳ ብንገባስ?»

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሌላ ከተማ የመኖር ወሬ ያልገባበት ቤት እየጠፋ ነው። የኪራይ ውል በሚታደስበት ሰሞን ይነሣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የመሸበት ሰው ያነሣዋል፤ ሰፈሩ ለልማት ተነሥቶ ከከተማው ዳር ቤት የደረሰውም ያነሣዋል። አንዱ ባሕር ዳር ይላል፣ ሌላው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ። እኔ ባለሁበት ዙሪያ ግን ከሁሉ በልጦ የሚጠራው ሐዋሳ ነው። «ሐዋሳ ብንገባስ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዋዛ ተጀምሮ ወር ሳይሞላው የቤተሰብ ስብሰባ ሲያስጠራ አይቻለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ለመሄድ ከሚያደሉት ነኝ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከተማዋ ሜዳ ላይ ያረፈች፣ መንገዶቿ ሰፋ ያሉ ናቸው። ሰው ወደ ሥራው በባጃጅ ይሄዳል፣ በብስክሌት ይሄዳል፣ ሲፈልግ በእግሩ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ሲኖራት ሐዋሳ ከተማ 157 ሺሕ ገደማ ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይደረግም ሁለቱም እጅግ አድገዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ግን ዛሬም እግር ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አባት ልጆቹን ነቅተው የሚያያቸው እሑድ ብቻ የሆነበት ቤት አውቃለሁ። ማታ ሲገባ ተኝተዋል፤ ጠዋት ሲወጣም አልነቁም። ይህ አባት በቀን ሁለት ሰዓት ቢመለስለት ገንዘብ ከሚተምነው በላይ አገኘ ማለት ነው። ስለ ሐይቁ ዳር ንፋስና ስለ አሞራ ገደል ዓሣ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ እኔ አልደግመውም።

የሚያሳስበኝ ስሌቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የሚቀመጠው ሥራው የተገኘለት ሰው ነው። ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የትራንስፖርቱን ይደምርና የሐዋሳውን ከአዲስ አበባው ይቀንሳል፤ ትርፍ ሲወጣለት «እንሂድ» ይላል። ድምሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቤተሰብ አንድ ኪስ አይደለም። ትርፉ በአንዱ እጅ ገብቶ ኪሣራው በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ኪሣራው የሚያርፍበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሲጻፍ አጠገቡ አልተቀመጠም።

አንድ የቅርብ ወዳጄ መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ በከፈተው ቅርንጫፍ ኃላፊነት ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ተሰጥቶታል። ለእሱ ነገሩ ያለቀለት ነው። ባለቤቱ ግን ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። የሸማው አገር ጨንቻና ዶርዜ ቢሆንም ገበያው ሽሮ ሜዳ ነው። ጉለሌ ያሉት ሸማኔዎች ጥለቱን ጨርሰው ያመጡላታል፣ በዱቤ ይተዉላታል፤ ለሠርግ የምትገዛ ሙሽራ ከአዲስ አበባ ዳር እስከ ዳር ተነሥታ፣ ከውጭ የመጣችውም ከአውሮፕላን ወርዳ እዚያው ትመጣለች። ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር የምትጥለው ዕቁብ የሱቁ ባንክ ነው። ይህን ሁሉ በመኪና ጭኖ መሄድ አይቻልም። ሐዋሳም ሱቅ መክፈት ትችላለች፤ የሠርግ ልብስ የማይሸጥበት ከተማ የለም። ደንበኛን፣ እምነትንና ዱቤን ግን ከመጀመሪያ መገንባት ይኖርባታል። እንበልና ኪራያቸው በወር 10 ሺሕ ብር ቢቀንስና ከሱቁ የሚገባው 15 ሺሕ ቢቀር፣ የደመወዝ ጭማሪው ልዩነቱን ካልሸፈነ ቤቱ ከሰረ። ባልየው በሠራው ስሌት ላይ ይህ ቁጥር አልነበረም። ሆን ብሎ አልተወውም፤ ደመወዝ ሳይሆን የገበያ ገቢ ስለሆነ፣ አንድ ወር ከፍ አንድ ወር ዝቅ ስለሚል፣ በወረቀት ላይ መስመር አልተሰጠውም። በብዙ ቤት የሴቶች ገቢ እንዲህ ነው የሚዘለለው።

ከእነሱ ጋር የሚኖሩት የእናቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ዕድር ብዙዎቻችን በሞት ቀን ብቻ የምናስታውሰው ነገር ሆኗል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብረት ምጣድ። ዕድሜያቸው ለገፋ እናት ግን ዕድር ማለት በሁለት ቀን ውስጥ ካላዩዋቸው በር የሚያንኳኩ ሰዎች ማለት ነው። ቡና የሚጠራሩ፣ ቅዳሴ አብረው የሚሄዱ፣ ሲያማቸው ገንፎ ይዘው የሚመጡ፣ የሟች ባላቸውን ስም የሚያውቁ። በ35 ዓመቱ ከተማ የቀየረ ሰው በመሥሪያ ቤቱና በልጆቹ ትምህርት ቤት በኩል ወዳጅ ያፈራል። በ70 ዓመት ግን ሰውን አዲስ አድርጎ ማወቅ አድካሚ ነው። ልጃቸው ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ምራታቸው አዲስ ሱቅ ለማቆም ትሯሯጣለች፣ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ግቢው ቢሰፋ፣ ዛፍና ሙቀት ቢኖር እንኳ ቀኑ ለብቻ ሲሆን ይረዝማል። ለጉልበታቸው ሙቀቱ ይስማማቸው ይሆናል፤ ሐኪምም ቢሆን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል እዚያው አለ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የረጅም ጊዜ ቀጠሮ ያለው ሰው ግን በየቀጠሮው 275 ኪሎ ሜትር መመላለስ እንዳለበት መቆጠር አለበት። ለቅሶውም፣ ተዝካሩም፣ ሠርጉም፣ ክርስትናውም እንዲሁ፤ ዘመድ ሁሉ አዲስ አበባ ነውና። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በከፊል ሥራ ላይ መዋሉ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ቢሆንም ከመነሣት በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የዘመናችን ልማድ ሆኗል፤ መልሱም ሁሌ አንድ አይደለም።

ልጆችን በተመለከተ ወላጆች የሚጠይቁት «ጥሩ ትምህርት ቤት አለ ወይ?» ብቻ ነው። አለ። ከዚያ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች ግን አሉ። ሐዋሳ የምትገኝበት ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ካደረገች በኋላ በዚያው ዓመት ሰኔ ራሷን የቻለች ክልል ሆናለች፤ የሥራ ቋንቋዋ ሲዳምኛ ነው። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ አማርኛ በሰፊው ይነገራል፣ ገበያም ያስገበያል። ቢሆንም ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት በምን ቋንቋ እንደሚያስተምርና ሲዳምኛን ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ከጉዳት አልቆጥረውም። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ አንድ ቋንቋ የጨመረ ልጅ አንድ ሕዝብ ጨመረ። የሚያሳዝነኝ ዓመታት ኖረው ሰላምታ እንኳ ያልተማሩ አዋቂዎች ናቸው። ከተማው ሲቀበልህ፣ ባለቤቶቹ በፍቼ ጨምበላላ ዘመን መለወጫቸው ሲጠሩህ፣ አንተ በቋንቋቸው «እንዴት ዋላችሁ» ማለት ካቃተህ የምትኖረው ከተማው ውስጥ ሳይሆን ግቢህ ውስጥ ነው።

ሌላው የውሃው ነገር ነው። ሐዋሳ ባለችበት በስምጥ ሸለቆው ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚህ በላይ ሲሆን ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናትን ጥርስ ያጠይመዋል፣ እየበዛና ዘመን እየቆየ ሲሄድ አጥንትንም ይጎዳል። አዋቂው ጥርሱን ይዞ ስለሚሄድ ይህ አይታየውም፤ የሚጎዳው የ3 ዓመት ልጁ ነው። ስለዚህ ቤት ሲፈለግ ስለ ክፍሎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃው ምንጭ መጠየቅ ይገባል፤ ከጉድጓድ ነው ወይስ ከሌላ? ወባም አለ። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባን የረሳች ከተማ ናት፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አጎበር የቤት ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን የራሷን አመሠራረት ማስታወስ እወዳለሁ። የንጉሥ ምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበር። ለጦር የተመቸ፣ ሩቅ የሚያሳይ፣ ግን ብርዳምና ማገዶ የራቀው ተራራ። ወደ ፍልውሃው ወርደው ቦታውን የወደዱት፣ ቤት ይሠራልኝ ያሉት፣ በ1879 ዓ.ም. ስሙንም ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምኒልክ ከተማ ሲመርጡ የጦር አዛዥ ዓይን ነበራቸው፤ እቴጌይቱ የዕለት ኑሮን አዩ፣ የእሳቸው ምርጫም ጸና። ቆይቶ ደግሞ ማገዶ እያለቀ ሲሄድ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ ባይበቅል ዛሬ ሐዋሳ ልግባ የሚለው ሰው የሚነሣው ከአዲስ ዓለም ይሆን ነበር። ማገዶ ያኔ ያንቀሳቅሰው የነበረውን ሰው ዛሬ ኪራይ ያንቀሳቅሰዋል። የዕለት ኑሮውን የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ይጠየቅ የምለው ከዚህ ታሪክም ተነሥቼ ነው።

ስለ ሥራው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማዋ ላይ ትልቅ ተስፋ ነበር። ከየገጠሩ በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ገቡ፤ ክፍል ጠፋ፣ አንድ ክፍል ለብዙ መከራየት የተለመደ ሆነ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በፓርኩ ስሙ ትልቅ የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ለቆ ወጣ፤ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን ስታግድ ደግሞ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተጎዱ። ሥራ ያጡት ልጆች የተሳሳተ ውሳኔ አልወሰኑም፤ የተገኘውን ሥራ ተከትለው ነው የመጡት። ለእኛ የሚያስተምረው ግን አለ። በትልቅ ከተማ አንዱ በር ሲዘጋ የሚንኳኳ ሌላ በር ይገኛል፤ በመካከለኛ ከተማ ለአንዳንድ ሙያ ያለው በር አንድ ወይም ሁለት ነው። መምህር፣ ነርስ፣ አናጢ፣ ባለ ምግብ ቤት የትም አይቸገርም። ሙያው ከዋና መሥሪያ ቤት፣ ከኤምባሲ ወይም ከቦሌ አየር ማረፊያ ጋር የተያያዘ ሰው ግን «ይህ ሥራ ቢቀርስ?» ብሎ ለራሱ መልስ ሳያገኝ ዕቃ አይጫን።

የሚሄድ ሰው እንዴት ይሂድ? ሐዋሳን አውቃታለሁ የሚለው የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኛው ሐይቁ ዳር ሆቴል ሁለት ሌሊት ያደረ ነው። የከተማን ኑሮ ግን ሆቴል አያሳይም። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ትንኙ በሚበዛበት ጥቅምት፣ ልትኖርበት ባሰብከው ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ጥቂት ሳምንት መክረም፤ ነዋሪዎቹ ከሚሸምቱበት መሸመት፣ ውሃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቤት ያለው አይሽጥ፣ ያከራይ፤ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመግባት የሚጠየቀው ዋጋ በያመቱ ይጨምራል። ተከራይም ቢሆን በ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንደማያንስ አስቦ፣ ቀሪ ጊዜውን አይቶ ይልቀቅ። መሸኛ ለመውሰድም አይቸኩል። ለቤት ተመዝግቦ የሚቆጥብ ሰው የአዲስ አበባ መታወቂያውን ከመመለሱ በፊት መብቱ ምን እንደሚሆን ወረዳው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይኖርበታል። ዕድሩንም አይተው። ብዙ ዕድሮች ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ስም ይሰርዛሉ፤ በአዲስ ከተማ ዕድር ለመግባት ደግሞ መመዝገቢያው ቀላል አይደለም። ለአንድ ጎረቤት አደራ ሰጥቶ መክፈል መቀጠል ይቻላል።

ልጅ ያለው በሐምሌና ነሐሴ ይንቀሳቀስ፤ 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ካለው ፈተናው እስኪያልፍ ይጠብቅ።

ወዳጄ ቤት ነገሩ አሁን በአዲስ መልክ ተይዟል። ባልየው በመስከረም ቀድሞ ብቻውን ሄዶ ይጀምራል፤ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ባለቤቱ የፋሲካና የሠርግ ሰሞን ገበያዋን ሽሮ ሜዳ ላይ ትጨርሳለች፤ ሱቁን ለታናሽ እህቷ አስረክባ ሐዋሳ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ትክፈት ወይስ አትክፈት የሚለውን ከሸማኔዎቹ ጋር ትነጋገራለች። ትልቋ ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። እናቱ ገና አልወሰኑም። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሐዋሳ ወርደው ክብረ በዓሉን አይተው፣ ከበዓሉም በኋላ ግርግሩ ሲያልፍ ሁለት ሳምንት ቆይተው እንደሚናገሩ አስታውቀዋል፤ እስከዚያ ድረስ ቤት እንዳይለቀቅ ተስማምተዋል።