መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ልብ ይሰቅላል?

ታሪካዊ ልብወለድ መጨረሻው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ልብ አይሰቅልም የሚል አንባቢ የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይሞክር። በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ጎራ የገባው ይህ መጽሐፍ የጣሊያንን ወረራ ይተርካል። ንጉሠ ነገሥቱ እንደሚሰደዱ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የለም፤ የማይታወቀው የገረዷ የሒሩት ዕጣ ነው። የአባቷን ውጅግራ ጌታዋ ኪዳኔ ከነጠቃት ጀምሮ አንባቢን እንቅልፍ የሚነሳው የጦርነቱ ውጤት መሆኑ ቀርቶ፣ ያ አሮጌ ጠመንጃ ወደ እጇ ይመለስ ይሆን የሚለው ጥያቄ ይሆናል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ትኩስ ወሬ ነበር፤ ዛሬ እንደ ታሪካዊ ልብወለድ ይነበባል። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣውም ስለላውና ፍቅሩ ስላላረጁ ይመስላል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ፣ አሥመራ ላይ በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ሲወድቅ፣ የዘመቻውን መክሸፍ የሚያውቀው የዛሬ አንባቢ ከባለታሪኩ ቀድሞ ይሰጋል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ግን ልብ በሚሰቅልበት መንገድ ይለያል። ምሥጢር በምሥጢር ላይ እየደረበ ገጽ በገጽ ያስሮጣል፤ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ መመለሱም ትልቅ ውለታው ነው። ሆኖም በመጽሐፉ ያሉት ጥንታዊ ገዳምና ታሪክ ለሩጫው ማጀቢያ ሆነው ይቀራሉ፤ ገጸ ባሕርያቱም ቆም ብለው የሚያዝኑበት ፋታ አያገኙም። ሒሩትና ጸጋዬ ያንን ፋታ አግኝተዋል።