የጅማ ባቡር ቦንድ ቢመጣ፣ ለቡና ገበሬው ምን ይዞ ይመጣል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኢጃጂ በኩል ጅማ የሚደርሰው የባቡር መስመር በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) ተካቶ ነበር። ሐዲዱ ግን እስካሁን አልተዘረጋም። የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የማና ቡና ዛሬም በጭነት መኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባና ከዚያ የጅቡቲን መንገድ ይይዛል።

እቅዱ አንድ ቀን መልሶ መነሳቱ አይቀርም። ያኔ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይገኛል የሚለው ነው።

እስካሁን ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል። የመጀመሪያው የውጭ ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ክፍያው ስለከበደ እ.ኤ.አ. በ2018 የመመለሻ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ተደረገ። ሁለተኛው የዓለም ገበያ ላይ ቦንድ መሸጥ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2014 በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በታህሳስ 2023 ግን 33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። ሦስተኛው ከራሳችን ከሕዝቡ መበደር ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የዚህ ምስክር ነው።

የጅማ ሕዝብ፣ አብዛኛው ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ለግድቡ ከማንም ወደኋላ አላለም። ወለድን (ሪባን) ለሚሸሽ ሰው ያለ ወለድ ቦንድ መግዛት ይቻል ስለነበር በሩ አልተዘጋበትም። ይህ መልካም ነበር። ሆኖም ከኪሱ የከፈለውን ዋጋ እናስላ። ግድቡ በተጀመረበት በ2003 ዓ.ም. አንድ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበር። ብር ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ያለ ወለድ ያበደረ ሰው የሚመለስለት የብሩ ቁጥር ያው ነው፤ የመግዛት አቅሙ ግን ተሸርሽሯል። ቀርዱል ሐሰን ትልቅ አጅር አለው። ነገር ግን ለየትኛውም ፕሮጀክት ለሙስሊሙ የሚቀርብለት ምርጫ ሁልጊዜ ይህ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ዜጋ ተጠቃሚ ባለሀብት ሲሆን እርሱ በጎ አድራጊ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ሸሪዓ ሪባን ሲከለክል ንግድን አልከለከለም፤ ሱረቱል በቀራ ቁጥር 275 ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። የሱኩክ መሠረቱም ይኸው ነው። ገንዘብ ያወጣው ሰው በንብረቱ ላይ ድርሻ ይይዛል፤ መንግሥት ንብረቱን ይከራያል፤ ባለድርሻውም ከኪራዩ ያገኛል። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የባቡር ሐዲዶችን በመንግሥት ሱኩክ ስታሠራ ቆይታለች። ማሌዥያም በዚያው ዓመት ለኳላ ላምፑር የከተማ ባቡር ተራው ሕዝብ የሚገዛው ሱኩክ አውጥታለች። ለእኛ ባንኮች ቋንቋው እንግዳ አይደለም፤ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን።

ይሁን እንጂ ሱኩክ ስሙ ስለተቀየረ ብቻ ሀላል አይሆንም፤ አትራፊም አይሆንም። ከጀርባው እውነተኛ ንብረትና እውነተኛ ገቢ መኖር አለበት። እዚህ ላይ ራሳችንን እንዳንሸነግል። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የላከችው ቡና በአጠቃላይ 470 ሺህ ቶን ገደማ ነው። አንድ ባቡር 2 ሺህ ቶን ይጭናል ብንል፣ የሀገሪቱ ቡና ሁሉ ተሰብስቦ በዓመት 235 ጉዞ ነው፤ በቀን አንድ ባቡር እንኳ አይሞላም። የጅማና የአካባቢዋ ድርሻ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ መስመሩ ማዳበሪያውን፣ ነዳጁን፣ ሸቀጡንና መንገደኛውን አብሮ ካልጫነ ዕዳውን አይከፍልም። መካንና መዲናን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚያገናኘውን የሐረመይን ባቡር ዓይተን ብንመኝ አይፈረድብንም። ለእኛ አቅም የሚስማማው ግን ጭነትና ሰው አብሮ የሚያመላልስ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ባቡር ነው።

ስለዚህ ቦንድ ሻጩ ጅማ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ከወለድ ቦንዱ ጎን ዑለማዎች የመረመሩት ሱኩክ ከመጀመሪያው ቀን ይቅረብ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ማስተካከያ አይሁን። ሁለተኛ፣ የባቡሩ ገንዘብ የራሱ ሒሳብ ይኑረው፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ሦስተኛ፣ ሐዲዱ በማሳው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ ካሳው ሲሰላ፣ አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት እንደሚፈጅ ይታሰብለት።

ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 መዲና የደረሰው የሒጃዝ ባቡር ሲሠራ ከየሀገሩ ያለ ሙስሊም መዋጮ አዋጥቷል። ለጋስነት ከእኛ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን የሚያስፈልገን ከለጋስነቱ ጋር ድርሻችንንና ሒሳቡን መጠየቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።