እግራቸው የቀረ አማልክት

አንድ የሥነ ጥበብ ሥራ ከተሠራበት ዓላማ፣ ከቆመበት ስፍራና ከሠራው ሕዝብ ተነጥሎ ሲታይ ምን ይቀረዋል? የምዕራቡ ዓለም ታላላቅ አብያተ መዘክርና የሐራጅ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «ውበቱ ይቀራል፤ ውበት ደግሞ አገር የለውም» የሚል ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለተደረደሩት የሂንዱ አማልክት ምስሎች ሲቀርብ የኖረው መከላከያ ይኸው ነው። አባባሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ሰብአዊ ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን የዘረፋ ልባስ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ አስረጅ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚሎች አገር፣ በቾላ ነገሥታት ዘመን የተሠራውን የነሐስ ናታራጃ፣ የጭፈራ ጌታ የሚባለውን ሺቫን መመልከት ይበቃል። ጠቢቡ ምስሉን አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይሞላል። ጭቃው ስለሚሰበር ሁለተኛ ምስል አይወጣበትም። በእሳት ቀለበት መካከል የሚጨፍረው አምላክ በአንድ እጁ የፍጥረትን ከበሮ፣ በሌላው የጥፋትን እሳት ይይዛል፤ በሦስተኛው «አትፍሩ» ይላል፤ በእግሩም ድንቁርናን የሚወክለውን ድንክ ይረግጣል። በመቆሚያው ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ግን ለጌጥ የተበጁ አይደሉም፤ በበዓል ቀን የመሸከሚያ እንጨት የሚገባባቸው ናቸው። ምስሉ በወተት ታጥቦ፣ ሐር ለብሶ፣ በአበባ ተሸፍኖ፣ በሕዝብ ትከሻ ላይ ይዞራል። የቤተ መዘክሩ ጎብኚ የሚያየውን ራቁት ነሐስ የመንደሩ ምእመን በበዓሉ አደባባይ እንዲያ ሆኖ አያየውም። እንግዲህ ቀረ የተባለው ውበት እንኳ ሙሉ አይደለም።

በካምቦዲያ ነገሩ ይበልጥ ገሃድ ይወጣል። ከ928 እስከ 944 እ.ኤ.አ. የክሜሮች መናገሻ በነበረችው በኮህ ኬር፣ ፕራሳት ቼን በሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ድንጋይ ጠራቢዎች የማሃባራታን ፍልሚያ አቁመው ነበር። ቢማና ዱርዮዳና ሊጋጠሙ ተፋጠዋል፤ ተመልካቾቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ታሪኩ ከሕንድ ቢመጣም፣ ከግድግዳ ተላቀው በነጻ የቆሙት እነዚያ ግዙፍ አካላት የክሜሮች የራሳቸው ፈጠራ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ ዘራፊዎች ሐውልቶቹን ከቁርጭምጭሚታቸው ቆርጠው ወሰዱ። እግሮቹ ከነመቆሚያቸው በጫካው ቀሩ። በ2011 ዱርዮዳና ኒው ዮርክ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ግምት ተሰጥቶት ለሐራጅ ቀረበ፤ ቢማ ደግሞ በካሊፎርኒያ ቤተ መዘክር ውስጥ ቆሞ ይጎበኝ ነበር። አንዱ ፍልሚያ ለሁለት ተከፈለ፤ ተፋላሚው ያለ ባላጋራ ቀረ። ይህን «ጥበብን ማዳን» ብሎ መጥራት በቃል መቀለድ ነው።

«ጦርነቱ ያጠፋቸው ነበር፤ ሰብሳቢዎች አተረፏቸው» የሚሉ አሉ። መሮውንና መጋዙን ወደ ጫካው የላከው ግን ገበያው እንጂ ጦርነቱ ብቻ አይደለም። ሰላም በነበረበት ጊዜስ ምን ተደረገ? በ1923 ወጣቱ ፈረንሳዊ ደራሲ አንድሬ ማልሮ፣ በ967 ለሺቫ ከተሠራው ከባንቴይ ስሬይ ቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጾችን ቆርጦ ሲያወጣ ተያዘ። በ1924 ፕኖም ፔን ላይ ተፈርዶበት በይግባኝ ቅጣቱ ታገደለት። ያው ሰው በ1959 የፈረንሳይ የባህል ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የክሜርን ጥበብ በመጽሐፍ ሲያወድስ የኖረው ነጋዴ ዳግላስ ላችፎርድም በ2019 በተዘረፉ ቅርሶች ንግድ ተከሶ፣ ፍርድ ሳይሰጥ በ2020 ሞተ። ውዳሴውና ዝርፊያው የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም፤ ውዳሴው ዋጋውን ከፍ ያደርግ ነበር።

«ቅርሱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው» የሚለውም ቃል እውነት የሚሆነው መንገዱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲከፈት ነው። ከቦምቤይ ተነሥቶ በ1868 መቅደላ የገባው የእንግሊዝ ጦር ከኢትዮጵያ ብራናና ታቦት ጭኖ ተመለሰ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦታት ዛሬም ለሕዝብ አይታዩም። የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ከተባሉ፣ ማንም የማያያቸው ስለ ምን ነው?

ክርክሩ ፍሬ አልባ አልሆነም። በ1976 በታሚል ናዱ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው የፓቱር ናታራጃ ለንደን ላይ በተገኘ ጊዜ፣ ፍርስራሽ የቀረው የመንደሩ ቤተ መቅደስ ራሱ ባለመብት ሆኖ ተከራከረ፤ በ1991 ረትቶ ምስሉን አስመለሰ። ዱርዮዳናና ቢማ በ2014 ወደ ካምቦዲያ ገቡ። የተረቱትም በሌላ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ በጫካ በቀሩት እግሮች ምስክርነት ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክርም 14 ሐውልቶችን ለካምቦዲያ እንደሚመልስ በ2023 አስታወቀ።

ይሁን እንጂ ርክክቡ የነገሩ ፍጻሜ አይደለም። ከባሕር ማዶ ተመልሶ በመንግሥት መጋዘን የሚቆለፍ ናታራጃ ከባዕድ ቁልፍ ወደ ወገን ቁልፍ ተዛወረ እንጂ ገና አልጨፈረም። የመንደር ቤተ መቅደስን ማስጠበቅ ምስልን ከማስመለስ ያላነሰ ድካምና ገንዘብ ይጠይቃል። የጥበብ መምህር ለተማሪዎቹ የናታራጃን ሥዕል ሲያሳይ ስለ ነሐሱ ማማር ብቻ ሳይሆን በመቆሚያው ስላሉት ቀዳዳዎችም ሊያስተምር ይገባል። ቀዳዳዎቹ የተበጁት ትከሻ እንዲሸከመው ነውና።