ከአለቃ ምን ይቅደም፤ ሙያ ወይስ ሚዛናዊነት?

ሙያ ይቅደም

ሠራተኛ አለቃውን የሚመዝነው ሥራ የተበላሸ ዕለት ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ አንዱ መኪና ክር መበጠስ ከጀመረ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ሥራ ይፈታሉ፤ የቀኑ ዕቅድ ካልሞላ የማበረታቻ ክፍያው የሚቀረው ከእነሱ ነው። ስፌት የሚያውቅ የመስመር ኃላፊ ችግሩ ከመርፌው ይሁን ከክሩ ቶሎ ይለያል። ዕቅዱ ከአቅም በላይ ሲሆንም «ይህ በዚህ ሰዓት አያልቅም» ብሎ ከበላዮቹ ጋር ይከራከራል። የማያውቀው የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ ያወርዳል፤ ሲጎድል ሠራተኛዋን ሰነፍ ይላታል። ቸር ቢሆን እንኳ የማያውቀውን ሥራ ተሟግቶ ሊያስቀንስላት አይችልም።

ሚዛናዊነት ይቅደም

ወንድሜ የገለጸውን ዓይነት ኃላፊ ማን ይጠላል? ግን ያው ባለሙያ ትርፍ ሰዓቱን ለሚወዳቸው ብቻ ቢያድል፣ ፈቃድ ጠይቃ መልስ ያጣችው ሠራተኛ እውቀቱን ምን ታድርገው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። በሕዝብ በዓል ለተሠራ ትርፍ ሰዓትም መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። መጠኑን ሕጉ ወስኗል፤ ለፋሲካ ማን ይውጣ፣ ማን ይቅር የሚለው ግን በአብዛኛው በቅርብ አለቃ እጅ ነው።

የምዘና ነጥብም እንዲሁ። «ለምን ዝቅ አለብኝ?» ስትለው ፎርሙን ገልጦ ያስረዳትን አለቃ ሠራተኛ ዕድሜ ልኳን ታነሳዋለች፤ «ካልተስማማሽ አቤት በይ» ያላትንም አትረሳውም። በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሚታማው በዝምድና፣ በአገር ልጅነትና ወሬ አቀባይ በማቅረብ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው «ፕሮጀክት ኦክስጅን» የተባለ ጥናት እንኳ ከለያቸው ስምንት የጥሩ ኃላፊ ባሕርያት መካከል የቴክኒክ ችሎታን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው።

የሙያ ወገን መልስ

መጨረሻ ላይ ይሁን እንጂ አልተሰረዘም። ሥራውን ሁሉም በሚያውቅበት ቤት ሙያ አለቃን ከአለቃ አይለይም፤ እኛ ግን ሙያውን ቀርቶ የሥራ ክፍሉን የማያውቅ ሰው ሲሾምብን ኖረናል። እህቴ ያነሳሽው የምዘና ነጥብም ለእኔ ይመሰክራል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ልቡ ቅን ቢሆንም የበረታችውን ካልበረታችው በምን ይለያል? ጆሮውን የሚሰጠው ለዚያው ለወሬ አቀባይ ነው።

የሚዛናዊነት ወገን መልስ

እውነት ነው፤ የማያውቅ ሰው በቅንነት ብቻ ፍትሕ አይሰጥም። እያወቀ የሚያዳላው ግን ይብሳል፤ ለእያንዳንዱ ውሳኔው የሙያ ምክንያት ስለማያጣ አቤቱታ አይደርስበትም። እንግዲያው ሹመት ሲታሰብ የትምህርት ማስረጃና የአገልግሎት ዘመን ብቻ አይታይ፤ በሥሩ የሠሩትም በምስጢር ይጠየቁ።